በዜና የተሠራው ድልድያችን

ድልድይ በፌስቡክ ቀብሬ በቴሌቪዥን ያስነሳሁ ሰው እኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ባለቤቴም አላመነችኝም፤ እሷ ግን ድሮም እኔን ያመነችው የተጋባን ቀን ብቻ ነው።

አቃቂ ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው፣ ወይ እንቅልፉ የከበደ ነው። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከባቡር ሐዲዱ እስከ ወንዙ ድረስ እየነፋሁ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ እለፍፋለሁ። ቀን ቀን ደግሞ አስፋልቱ ዳር ባለችው ቆርቆሮ ሱቄ ሞባይል እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ ቴፕ መጣ፣ ቴፕ ፈታሁ፤ ዲሽ መጣ፣ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ሞባይል ሲመጣማ በቃ፣ ዓለም ራሷ ተበላሽታ እጄ ላይ መጣች። ድምፄም ቢሆን የዋዛ አይደለም። እኔ ለፍፌላቸው ቀብራቸው ያልሞላ ሰዎች ቢኖሩ በሕይወታቸው ክፉ የነበሩ ናቸው።

የኛ ሰፈር ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ከወንዙ ወዲያ። ወንዝ ስላችሁ የሚዋኙበት እንዳይመስላችሁ። ከተማው ከላይ የማይፈልገውን ሁሉ አሸክሞ ነው የሚልክልን፤ አንዳንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ወይን ጠጅ። እግሩን የነከረበት ሰው ሳምንት ሲያክ ይከርማል። በዚህ ወንዝ ላይ እድራችን ራሱ አዋጥቶ ያሠራው የእግር ድልድይ ነበረን። ምሰሶው አሮጌ የስልክ እንጨት፣ አግዳሚው ብረት። ብረቱ ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ የባቡር ሠራተኛ የሞላበት ሰፈር ነው። ሲረግጡት ይንጫጫል፣ ግን አንድም ሰው ጥሎ አያውቅም። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና ጥርግ አድርጎ ወሰደው።

ለሌላው ሰው አቋራጭ ነው የተወሰደበት። ለታላቅ እህቴ ግን ሥራዋ ነው። እህቴ ወዲያ ማዶ የክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነበረች። እናትና አባታችን ሲሞቱ ትምህርቷን ትታ እዚያ የገባችው እኔን ልታሳድግ ነው። እኔ ካደግኩ በኋላም የራሷን ልጆች አሳደገችበት፣ ባሏ ሞቶ ቀበረችበት። በድልድዩ ስትሄድ የጠጣችው ሻይ ሆዷ ሳይደርስ እሷ ፋብሪካው በር ላይ ነበረች። ድልድዩ ከሄደ በኋላ ግን በጭቃው እስከ አስፋልቱ ወጥታ፣ በዋናው ድልድይ ዞራ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ታች መመለስ ነው። ታክሲ እንዳትይዝ የጠዋት ታክሲ ለአጭር መንገድ አይቆምም፤ ረዳቱ «ሳሪስ! ሳሪስ!» እያለ ፊቷ ላይ ጭቃ ረጭቶባት ያልፋል። የጠዋቱ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል። ዘገየች። ደገመች። የፈረቃ ኃላፊው ጠራትና «ከእንግዲህ አንድ ቀን ብትዘገዪ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ» አላት።

ሱቄ መጥታ ነገረችኝ። አላለቀሰችም፣ እህቴ በሰው ሞት እንጂ በራሷ ጉዳይ አታለቅስም።

«አንተ የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ ስትለፍፍ ትኖራለህ» አለችኝ። «የኔም ሥራ ሊሞት ነውና አብረህ ለፍፈው።»

«እቴቴ፣ አንቺ ብቻ ሰዓትሽን ጠብቂ። ድልድዩን ለኔ ተይው።»

«መሐንዲስ ሆንክ ደግሞ?»

«ከመሐንዲስ በላይ ነኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ሽማግሌዎች ተመርጠው ወረዳ ሄደው ነበር። «በጀት ሲለቀቅ» ተባሉ። ቆይተው ደግመው ሄዱ፤ «በጀቱ ተለቋል፣ ግን ለሌላ» ተባሉ። እኔ በዚህ መሀል ፌስቡክ ላይ የሰፈሩን ገጽ ከፈትኩ። የእድራችን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፣ «ገጽ የምትለው ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጡሩምባ ነው አባባ። ከአልጋ ሳይወርዱ የሚነፉት ጡሩምባ።»

«እና ማን ይሰማዋል?»

እሳቸው ያሉት ደረሰ። «ድልድያችን ፈረሰ» ብዬ ለጠፍኩ፣ የወደቁትን ምሰሶዎች ፎቶ ጨመርኩበት። የወደደው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ ያውም በሁለት ስልክ።

ያን ጊዜ ነው ዜናን እንደ ሬዲዮ ፈትቼ ያየሁት። ሰው ጋዜጠኛ ዜና ፍለጋ የሚዞር ይመስለዋል። አይዞርም። ማኪያቶ ይዞ ተቀምጦ ሞባይሉን ባውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል። የፈረሰ ድልድይ ሲያይ ጣቱ አይቆምም፤ በዚህ አገር የፈረሰ ድልድይ ምን ይገርማል? ጣቱን የሚያስቆም ነገር ነው የሚያስፈልገው። ገላን በኩል ያሉ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ውሃ ሲጠፋባቸው ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው በደረጃው ላይ እስከ ውጭ ድረስ ደርድረው ፎቶ አንስተው ለጠፉ፤ ዜና ሆኑ። ባጃጆቹ ከአስፋልት ሲታገዱ ደግሞ ባጃጃቸውን ገልብጠው፣ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ እነሱ ከጎን ቆመው ፎቶ ተነሱ። ሬዲዮው ስለነሱ ሲያወራ ዋለ። ኤሌክትሪክ ቢሉ፣ ታክሲ ቢሉ፣ ነጋዴ ቢሉ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ እንደዚህ ነው ዜና የሚገባው፤ በፊት በር ደጅ ጠንቶ ሳይሆን በሞባይሉ መስኮት ዘሎ።

እኛስ ምን አለን? ብዬ አሰብኩ። ጀሪካን አለን፣ ግን በሱ ሌሎች ቀድመውናል። ያለን ጡሩምባና የእድር ድንኳን ነው።

ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ድንኳኑን ይስጡኝ።»

«ማን ሞተ?» ደንግጠው ተነሱ።

«ድልድዩ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ድልድይ የእድር አባል ነው?»

«አባል ብቻ? አንቱ ራስዎ አይደሉ እንዴ ያሠሩት? ከአባላቱ ውስጥ እንደሱ ሰው የተሸከመ ማን አለ?»

«ወርሃዊ ከፍሎ ያውቃል?»

«የአንቱ የወንድም ልጅስ ከፍሎ ያውቃል?»

እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ አልቻሉም። ብዙ አሰቡ። ደንቡ ድንኳን ለሬሳ ነው የሚለው። በኋላ ግን ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አድርገው «ድንኳኑ ይውጣ» አሉ። «ንፍሮ ግን የለም። ለድልድይ ንፍሮ የቀቀለ ሊቀመንበር ተብዬ መቀበር አልፈልግም።»

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባዬን አንስቼ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነፍቼ አላውቅም። «የእድራችን አባላት! ለብዙ ዘመን አብሮን የኖረው፣ እናቶቻችንን ከነሸክማቸው ያሻገረው፣ ከማንም ሳንቲም ያልጠየቀው ወዳጃችን ተለይቶናል! ድንኳኑ ወንዙ ዳር ነው!» ስም አልጠራሁም። ውሸትም አልተናገርኩም።

እንግዲህ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ማን እንደሞተ ይጠይቃል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየቤቱ ወጣ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው የሰፈራችን ጉሊት ሻጭ ናት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው። ገና ድንኳኑን ከሩቅ ስታየው «ወንድሜን! ወንድሜን! ምነው ሳትነግረኝ!» እያለች ደረቷን እየመታች መጣች። ሌሎቹ እሷን አይተው አለቀሱ። ከበስተኋላ ባዶው ወንዝ፣ የወደቀው ምሰሶ፣ ፊት ለፊት እንባ። ለጥገና ከመጡልኝ ስልኮች ውስጥ ካሜራዋ ጥሩ የሆነችውን ይዤ ነበርና አነሳሁ፣ አነሳሁ። ሴትየዋ እንባዋን ጠርጋ ጎኗ ወዳለችው እህቴ ጠጋ አለች።

«እኔ የምልሽ፣ ማነው ግን?»

«ድልድዩ ነው» አለቻት እህቴ።

ዞራ ባዶውን ወንዝ አየች። እኔ ድንጋይ ታነሳብኛለች ብዬ ወደ ኋላ ሸሸት ብያለሁ።

«ድልድዩ?» አለች። «እንኳን አለቀስኩለት! ይሄን ሁሉ ዘመን ከነቲማቲሜ ተሸክሞኝ!» እንደገና ጀመረች፣ አሁን ከልቧ።

ከፎቶው በላይ የጻፍኩትን እስከዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «የአቃቂ ነዋሪዎች ለድልድያቸው ድንኳን ጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። አስከሬኑ እስካሁን አልተገኘም።» እንደዚህ አድርጌ የጻፍኩት አውቄ ነው። ጋዜጠኛው ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያነበው። ሰኞ ጠዋት የኤፍ ኤም አቅራቢው ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበው፣ «አስከሬኑ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቅ አመለጠው። ትልልቆቹ ገጾች አንዱ ካንዱ እየወሰዱ ለጠፉት። ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ስልኩን እያሳየኝ «ይሄን አይተኸዋል?» ይለኛል፣ እኔን! ፋብሪካው ውስጥ እንኳ ደርሶ የፈረቃ ኃላፊው እህቴን «ያ ለፍላፊ ወንድምሽ ነው እንዴ?» ብሏት ስቋል። ሲስቅ አየሁት ብላ ደስ አላት። ለትንሽ ቀን ያራዝምልኛል ብላ።

እኔ በበኩሌ ድንገት ይዘው ቢያስሩኝ ብዬ ካልሲ ደርቤ ነበር የምውለው። ድንኳን ተክሎ ሰው መሰብሰብ በዚያን ዘመን በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም፣ ቃሊቲ ደግሞ ለኛ ሰፈር ሰው የእግር መንገድ ነው። የመጣው ግን ፖሊስ አይደለም። የወረዳው የኮሙኒኬሽን ልጅ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታውም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ ገጹ የእርስዎ ነው?»

«የሕዝብ ነው። እኔ ጡሩምባ ነፊ ነኝ።»

«‹አስከሬኑ አልተገኘም› ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ምነው፣ ተገኘ እንዴ?»

ከልቡ ሳቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ገጼን ከላይ እስከ ታች እያየ «ሰዓቱን እንዴት መረጡት? ፎቶውን ማን አነሳው?» እያለ ጠየቀኝ፤ እኔም የማውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ተማሪ አገኘሁ ብዬ። ሲነሳ «ድልድዩ ይሠራል ጋሼ፣ ዜናውም ይሠራል። እሁድ ቴሌቪዥን ይመጣል» አለኝ።

«የቱ ነው የሚቀድመው?» አልኩት ለቀልድ።

«አብረው ነው የሚሄዱት» አለኝ። እሱ አልቀለደም።

ዓርብ ፒክአፕ መኪና አጣናና ጣውላ ይዞ መጣ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ወንዙ ጎድሏል። ሠራተኞቹ ጠበብ ያለበትን ቦታ መርጠው አጣናውን ከዳር ዳር ዘረጉ፣ ጣውላውን ቸነከሩበት። እኛ መወጣጫ መስሎን፣ ዋናው ሥራ ሊጀመር ነው ብለን ሻይ አፍልተን ሰጠናቸው። ቅዳሜ ሪባን መጣ፣ ባነር መጣ፣ ነጭ ኮፍያ መጣ። ለእንግዶቹ ጥላ ብለው የኛኑ ድንኳን አስተከሉን። ሊቀመንበሩ ገመዱን እያሰሩ «ሞተ ብለን ተከልነው፣ ተነሳ ብለን ተከልነው፤ ይሄ ድንኳን ሃይማኖቱ ጠፋበት» አሉ።

እሁድ ከወረዳ ከፍ ያለ ሰው መጥቶ ሪባኑን ቆረጠ። ሰው አጨበጨበ። ካሜራ ያዡ «አንድ እናት ቀድመው ይሻገሩ» ሲል የኮሙኒኬሽኑ ልጅ እህቴን በክንዷ ይዞ አቀረባት። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ቀስ ብላ ተሻገረች፣ አጣናው እንደ ሸምበቆ ሲወዛወዝ አየሁት። ጋዜጠኛዋ ማይኩን አስጠግታ «ምን ተሰማዎት?» አለቻት።

«ደስ ብሎኛል» አለች እህቴ፣ «ግን ይሄ እኮ አጣና ነው ልጄ። ወንዙ ሲሞላ ባንድ ጉንጭ ነው የሚውጠው። ዋናው መቼ ነው የሚሠራው? እኔ እኮ ከሥራዬ ልባረር ነው፣ ጠዋት ጠዋት…» ብዙ ተናገረች። ጎኗ ቆሜ ሰምቻለሁ። እንደሷ አጥርቶ የተናገረ ሚኒስትር አላውቅም።

ካሜራው መኪና ላይ ሲጫን ሠራተኞቹ ምስማር መንቀል ጀመሩ።

«ኧረ! ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ጣውላው የሕንፃ ነው፣ ተውሰነው ነው» አለኝ አንደኛው፣ መዶሻውን ሳያቆም። «ነገ የኮንክሪት ሙሌት አለብን።»

የኮሙኒኬሽኑን ልጅ ሮጬ መኪናው በር ላይ ያዝኩት። «ድልድዩን እየጫኑት እኮ ነው!»

«እሱ ጊዜያዊ ነው ጋሼ። ዋናው ዲዛይን ላይ ነው።» በመስኮቱ እጄን ጨበጠኝ። «ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ።»

የማታውን ዜና ጎረቤቱ ሁሉ ሻይ ቤት ተሰብስበን አየን። «ነዋሪዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ጭምር ሲያነሱት የቆዩት ጥያቄ ምላሽ አገኘ» አለች አንባቢዋ። በማኅበራዊ ሚዲያ ስትል ሰዉ ዞሮ እኔን አየኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋ አደረግኩ፤ አትፍረዱብኝ፣ በቴሌቪዥን የተጠራ የእድር ጡሩምባ ነፊ ከኔ በፊት አልነበረም። ከዚያ እህቴ መጣች፣ ስክሪኑን ሞልታ። «ደስ ብሎኛል» አለች። በቃ። የቀረውን ቆርጠውታል። ወዲያው ሪባኑ፣ ጭብጨባው፣ ከላይ የተነሳው ወንዝ፣ በላዩ ላይ ድልድዩ። ውጭ ወጥተህ ብታይ ድልድዩ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ግን አለ፣ ያውም ያማረ።

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ነገ በየት ልሂድ?» አለች እህቴ። ለማንም አልነበረም የጠየቀችው።

በማግስቱ ዞራ ሄደች፣ ዘገየች። የፈረቃ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ትናንት ማታ አየሁሽ» አላት። «ድልድዩ ላይ ቆመሽ ደስ ብሎኛል ስትዪ። ዛሬ ደግሞ ምን ልትዪኝ ነው?»

«የለም እኮ ጌታዬ። ወስደውታል።»

«ምኑን?»

«ድልድዩን።»

ዘበኛው ሳቀ፣ የሚገቡት ሴቶችም ሳቁ። «ሌባ ድልድይ ይሰርቃል?» አላትና በሩን ዘጋው። ዕድሜዋን ሁሉ ለፋብሪካው ሰጥታ ኖራ፣ ተባራ ቤቷ የገባችው እንደ ሐሰተኛ ተቆጥራ ነው።

እኔ ሄጄ ለመንኩት። ባዶውን ወንዝ በስልኬ አንስቼ አሳየሁት። «ፎቶ ማንም ያነሳል» አለኝ፤ «ያውም አንተ! ለድልድይ ያስለቀስክ ሰው። ቴሌቪዥኑን ልመን ወይስ አንተን?»

እውነቱን ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ያኔ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው ከሥር የጻፉብኝ፤ አንዱ «ፀረ ልማት» አለኝ፣ ሌላው «ድልድይ ሲሰጡት አስፋልት የሚለምን» አለኝ። ያቺን ጋዜጠኛ ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ አዳመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተዘግቦ ያለቀ ዜና ነው። አዲስ ነገር ሲኖር ይደውሉልኝ።»

«ድልድዩ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም?»

«አዲሱ ነገር መሠራቱ ነበር» አለችኝ።

ወረዳ ብንሄድ «የእናንተማ ተፈቷል» ይሉናል። ክፍለ ከተማ ብንሄድ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እህቴ በበዓል ቀሚሷ ኮፍያ በደፉ ሰዎች መሀል ቆማለች። ድሮ ጥያቄ ነበረን፣ የሚመልስ አልነበረም። አሁን መልስ ተሰጥቶናል፣ ጥያቄያችንን የሚቀበል ጠፋ። እኔ ለማይሰማ ሰው መንፋት እችልበታለሁ፣ ሳንባዬ ይበቃል። ሰምቶህ፣ ጡሩምባህን ከእጅህ ተቀብሎ የራሱን ዜማ የሚነፋ ሰው ሲገጥምህ ግን ምን ታደርጋለህ? ይሄን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ስቀልድበት ኖሬ አንድም ቀን አላሳቀኝም።

እህቴ አሁን አስፋልቱ ዳር ድንች ቀቅላ ከዳጣ ጋር ትሸጣለች። ገዢዎቿ ያው የጠዋት ፈረቃ ሴቶች ናቸው፣ ዞረው የሚሄዱት። ስለዚያ ነገር ከኔ ጋር አታወራም። ቴሌቪዥን የገዛሁላት ጊዜ ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችው።

ይሄው ነው። አሁንም «ይሄ ሰውዬ ቀባጥሮ አይጠግብም» የምትሉ አላችሁ፣ ፊታችሁን ሳላየው አውቀዋለሁ። እሺ፣ አትመኑኝ። አቃቂ ውረዱና ጠይቁ። ሊቀመንበሩን ጠይቋቸው፣ አርጅተዋል እንጂ አእምሯቸው አልሄደም፤ ቲማቲም ሻጯን ጠይቋት፣ ያለቀሰችውን ሳትደብቅ ትነግራችኋለች። የፈረቃ ኃላፊውንም ጠይቁት፣ ዛሬም እዚያው በሩ ላይ ነው። እሱ ወዲያ ማዶ ነው፣ ግን አስፋልት ድረስ መዞር አያስፈልጋችሁም፤ በዜና ባያችሁት ድልድይ ተሻገሩና ጠይቁት።